ነጩ ክር

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ያን መጽሐፍ ሲመልስ ይህ ሦስተኛ ጊዜው ነው። መጽሐፉ ሰዎች ወዳለፈ ዘመናቸው ስለሚመለሱበት ጉዞ የሚያወራ፣ ከጃፓንኛ የተተረጎመ ልብ ወለድ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ኮቱን አይታ ሳቋን ዋጥ አደረገች። ለወጣት የተሰፋ ጠባብ ኮት ነው፤ ለልክ ተብሎ ትከሻው ላይ የተጣለው ነጭ ክር እንኳ አልወጣለትም።

«አሁንስ ወደዱት፣ አባባ?»

«ምኑን ልውደደው፣ ልጄ? ሰውዬው ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ተጉዞ፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላበት በር ላይ ይደርሳል። ከዚያ ምንም መለወጥ አይቻልም ይሉታል። ታዲያ ምን ሊሠራ ሄደ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገ። «እኛ ዘንድ የተበላሸ ስፌት ተተርትሮ እንደገና ይሰፋል። ይኼ ደራሲ ግን ስህተቱን አሳይቶ መቀሱን ይነጥቅሻል።»

«ምናልባት ተርጓሚው አበላሽቶት ይሆናል» አለች፣ ልታበርደው።

«እኔም መጀመሪያ የረገምኩት እሱን ነበር።»

የእሷ ዓይን ግን ከትከሻው አልነቀል አለ። «ይህችን ክር ልምዘዝልዎ? ረስተዋት መሰለኝ።»

ሽማግሌው ትከሻውን በመዳፉ ሸፈነ። «ተያት። ኮቱ የልጄ ነው። ክፉ ተናግሬው ወጣ፤ ሊለካው አልተመለሰም።»

መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ልትወስድ ስታነሣ ገለጥ አለ፤ የበሩ ታሪክ ያለበት ገጽ ላይ ለምልክት የተደረገ ነጭ ክር ተንጠልጥሎ አየች። ሽማግሌው እጁን ዘረጋ።

«ለሁለት ሳምንት አድሺልኝ እስቲ። ዓይኔ ደክሟል፤ የዘለልኳት መስመር ትኖር ይሆናል።»