ድምፃችንን የመለሰው ሽቦ

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማይክሮፎኑ ድንገት ሲያፏጭ ሰዉ ሁሉ ፊቱን አጨማዶ ጆሮውን ይይዛል፤ እኔ ግን ነጠላዬን ወደ አፌ ስቤ ፈገግ እላለሁ፣ ምክንያቱም ያ ፉጨት ይዞኝ የሚሄደው ብሩክሄቨን ወደነበረው ጠባብ አፓርታማችን፣ አባዬ ጥቁሩን ራዲዮ ወዳስቀመጠበት የወጥ ቤት መስኮት ነው።

እንደ አሜሪካኑ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ ከሱዳን ተነስተን አትላንታ ስንገባ እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባዬ የመጋዘን ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፣ እማዬ ደግሞ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር። በመጀመሪያው ፀደይ፣ የጥድ ብናኝ የመኪናውን ጣሪያ ሁሉ ቢጫ ባለበሰበት ሰሞን፣ አባዬ ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ግቢያቸው ላይ ዘርግተው ከሚሸጡበት ከአንድ ያርድ ሴል ሲቢ ራዲዮ ይዞ መጣ። የጭነት መኪና ነጂዎች መንገድ ላይ የሚጠያየቁበት፣ ሌላውም ሰው ቤቱ አስቀምጦ ለመዝናናት ከማያውቀው ሰው ጋር የሚያወራበት፣ ቁልፉን ተጭነው የሚናገሩበት፣ ለቀቅ አድርገው የሚያዳምጡበት ራዲዮ ነው። የአባዬ ጓደኛ ጋሼ ተፈራም፣ አገር ቤት የወታደር መገናኛ ሠራተኛ የነበረው፣ ከእኛ ብዙ በማይርቀው ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ፣ ቤቱ ውስጥ ተመሳሳይ ራዲዮ ነበረው። መስመሩ ላይ ሁሉም ሰው በቅጽል ስም ነበር የሚጠራው፤ አባዬ ግን «አባቴ ያወጣልኝ ስም አለኝ» ብሎ ግርማ እንደተባለ ቀረ።

መጀመሪያ ያስቸገረን ሰላምታችን ነበር። እኛ ሰላም ስንባባል ተራ አንጠብቅም፤ አንዱ «እንዴት ዋልክ» ሲል ሌላው በላዩ ላይ «ልጆቹ እንዴት ናቸው» እያለ፣ ሁለቱም እኩል እየጠየቁ እኩል ያመሰግናሉ። ራዲዮ ደግሞ ይህን አይችልም። አባዬና ጋሼ ተፈራ ሁለቱም ቁልፋቸውን ተጭነው ሰላምታውን ያወርዱትና ማንም ማንንም ሳይሰማ ይቀራል፣ ከዚያ ሁለቱም እኩል ለቅቀው መልስ ሲጠብቁ መስመሩ ጭር ይላል፣ ከዚያ እንደገና እኩል ይጀምራሉ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች በሳቅ ትፈርስ ነበር። «እንደው አንዳችሁ እንኳ ለሌላው አሳልፉለት!» ትላቸው ነበር። ውለው አድረው ተራ መጠበቅን ለመዱ፤ ሰላምታውን ማሳጠር ግን አልለመዱም።

በጋው ገብቶ ሙቀቱ ግድግዳውን ሲያልበው፣ ራሱን ሸረሪት እያለ የሚጠራ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ መጣብን። መጀመሪያ በአዘኔታ ነበር፣ «ወዳጄ፣ ራዲዮህ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ድምፅህ ገንፎ ነው» ይል ነበር። ቀጥሎ አዘኔታው ቀረና፣ አባዬ በአማርኛም ቢናገር በእንግሊዝኛም ቢናገር፣ «የምትለው አይገባም፣ ከመስመሩ ውረድ» እያለ በላዩ ላይ ይጮህ ጀመር። እማዬ ያ ድምፅ በመጣ ቁጥር ተነስታ መጋረጃውን ትዘጋ ነበር። «ግርማ፣ በእመቤቴ፣ ይቅርብን። የት እንደምንኖር ቢያውቅስ?» ትለዋለች። እኔም በልቤ ከእሷ ጋር ነበርኩ። ትምህርት ቤት አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ምን አልሽ?» ስለሚሉኝ፣ አንዷ ልጅም አነጋገሬን እያስመሰለች ክፍሉን ስለምታስቅብኝ፣ መልሱን እያወቅሁ ዝም ማለትን መርጬ ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ አባዬም ዝም አለ። ማዳመጥ እንጂ ቁልፉን መጫን ተወ፣ ኋላም ራዲዮውን ካርቶን ውስጥ ከቶ በሩ አጠገብ አስቀመጠው፣ ለሚፈልግ ሰው ሊሰጠው። ያ ካርቶን ከራዲዮ የበለጠ ነገር የያዘ ይመስለኝ ነበር፤ እሱ ዝም ካለ እኔ መቼ ነው የምናገረው?

ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ተፈራ መጣ።

«ምነው ጠፋህ ግርማ? ስጠራህ ስጠራህ ጉሮሮዬ ደረቀ እኮ!»

«ድምፅህ ገንፎ ነው ተባልኩ።»

«ማን አለህ?»

«ሸረሪት።»

«ሸረሪት ደግሞ ገንፎ የት ያውቃል!» አለና ካርቶኑን ጎትቶ ጠረጴዛ ላይ አወጣው።

ከዚያ ነገሩን አስረዳን። ራዲዮው የተሠራው ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሲናገር የራሱ ስፒከር እንዲዘጋ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ተናጋሪው ድምፁ ምን እንደሚመስል ፈጽሞ አያውቅም፣ ሌላው የነገረውን ከማመን በቀር። «አንዲት ሽቦ ብቀጥልለት ግን ስትናገር ራስህን ትሰማለህ» አለ። ሽፋኑን ፈትቶ፣ በትንሽ የብየዳ ብረት ጭሱን ፊቱ ላይ እያቦነነ ሲሠራ እኔ መብራት ያዝኩለት፣ እማዬ ደግሞ ውኃ የሞላ ጆግ ይዛ፣ እሳት ይነሳል ብላ፣ ከኋላችን ቆማ ነበር።

አባዬ ቁልፉን ሲጫን ራዲዮው እንደ ጥሩምባ አፏጨ። ጎረቤቱ ግድግዳውን ደበደበ።

«በስመ አብ! ጋሼ ተፈራ፣ ቤቱን በላያችን ላይ ሊያፈነዱት ነው?» አለች እማዬ።

«አይዞሽ፣ ማይክሮፎኑና ስፒከሩ እንደኛ እኩል ሰላም እየተባባሉ ነው» አለና ድምፁን ቀነሰው።

አባዬ እንደገና ተጫነና፣ «ግርማ ነኝ፣ ግርማ ነኝ» አለ። የራሱ ድምፅ ከሳጥኑ ወጣ፣ ጥርት ብሎ፣ ትንሽ ሻከር ብሎ። «ይሄ እኔ ነኝ?» አለ፤ ያም ወጣ። ጋሼ ተፈራ «ይሄ የሚያሰማህ እዚሁ ውስጥ ያለውን ነው፤ ከሩቅ እንዴት እንደምትሰማ ሄጄ ልንገርህ» ብሎ መኪናውን አስነስቶ ቤቱ ገባ፣ ከዚያም በመስመሩ ላይ «ቃል በቃል ሰምቼሃለሁ!» አለ።

አባዬ ማይክሮፎኑን አስቀምጦ ወደ እኛ ዞረ። «እንግዲህ ራዲዮው ደህና ነው፣ ድምፄም ደህና ነው። የቀረው የሰውዬው ጆሮ ነው፣ እሱን ደግሞ ተፈራ ሽቦ ሊቀጥልለት አይችልም።» ከዚያን ቀን ጀምሮ ካርቶኑ የድንች ማስቀመጫ ሆነ።

ክረምቱ መጥቶ መንገዱ በረዶ የጋገረ ዕለት ሥራም ትምህርትም ተዘጋና ሁላችንም ቤት ዋልን። አባዬ ማይክሮፎኑን ድንገት ለእኔ ሰጠኝና፣ «ሰኒ፣ እትዬ ብርሃኔን ሰላም በያት» አለኝ፣ የጋሼ ተፈራን ሚስት። ቁልፉን ተጫንኩ። ድምፄ ከሳጥኑ ሲመለስ ካሰብኩት የቀጠነ ነበር፣ ግን እያንዳንዱ ቃል በእግሩ ቆሞ ነበር። «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ፣ ብርዱን እንዴት ያዙት፣ ልጆቹ…» እያልኩ ለትንፋሽ ቁልፉን ስለቅ ሸረሪት ገባ።

«ያቺን ልጅ አውርዱልኝ! የምትለው ለማንም አይገባም!»

እማዬ ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ እጇ ወደ ማጥፊያው ተዘረጋ። አባዬ እኔን ብቻ ያየኝ ነበር። ቁልፉን ተጫንኩና በእንግሊዝኛ፣ ያ ሁሉ የተሳቀበት አነጋገሬ እንዳለ፣ «ገና አልጨረስኩም» አልኩ። ሳጥኑም ድምፄን መለሰልኝ። ቁልፉን ሳልለቅ ወደ አማርኛ ተመልሼ ልጆቹን በየስማቸው ጠየቅሁ፣ የእትዬን እህት ጠየቅሁ፣ አገር ቤት ያሉትን ጠየቅሁ።

የእማዬ እጅ ማጥፊያው ላይ ቆሞ ነበር። ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ፣ «የሚያማትን ጉልበቷንስ ጠይቀሻታል?» አለችኝ።

ሸረሪት ከዚያ በኋላም አልተወንም፤ እኛም መስመሩን አልተውንለትም።

አሁን ሳንዲ ስፕሪንግስ የምኖር የልጆች እናት ነኝ። እማዬ ስትታመም ትምህርቴን አቋርጬ ሥራ ስለገባሁ ብዙ አልተማርኩም፣ ፍርሃቷንም እንዳለ ወርሻለሁ፤ በሩን ቆልፌ ተመልሼ አየዋለሁ፣ ልጆቼ እስኪደርሱ ከመስኮቱ አልነቀልም። ትልቋ ልጄ ስልክ ላይ ሰላምታ ሳበዛባት «ኦ ማይ ጋድ ማሚ፣ ላይክ፣ ቴክስት አድርጊልኝ በቃ» ትለኛለች። በቀደም ከትምህርት ቤቷ ቢሮ ደውለውልኝ በእንግሊዝኛ ስናገር፣ ሴትዮዋ አቋርጣኝ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው እንዳለ ጠየቀችኝ። ልጄ አጠገቤ ነበረች፣ ስልኩን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች። «አለ፣ እኔ ነኝ» አልኩና ያልኩትን ከመጀመሪያው፣ ሳልጮህና ሳልቸኩል፣ ደገምኩላት። ልጄ እጇን መለሰች።

ያኔ ድምፄ ደህና መሆኑን ለማመን የጋሼ ተፈራ ሽቦ ያስፈልገኝ ነበር። የዛሬው ስልክ ድምፄን አይመልስልኝም፤ እኔም አልጠይቀውም።