ለእንግዳ እኔ እነሳለሁ

ዘነበች ስትነግረኝ አላመንኳትም። ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩና እንደ አዲስ እንድትነግረኝ አደረግኩ።

አክስቴ ትናንት ከሰዓት እኮ ጎሮ ጉሊት ላይ ቆመው ቲማቲም ሲመርጡ ነበር። ሻጯ ልታቀላጥፍላቸው ብላ ልትመርጥላቸው ስትል "ተይኝ የኔ ልጅ፣ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ" ብለዋታል።

አክስቴ እትዬ ለተብርሃን ዛሬ ጠዋት አረፉ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ፀጉራቸውን ራሳቸው አበጠሩ፣ ቁርሳቸውን ራሳቸው በሉ፣ አብራቸው እየኖረች የምታግዛቸውን ዘነበችን "ትንሽ ጋደም ልበል" አሏት። በገዛ አልጋቸው ላይ በዚያው ቀሩ።

ከወዲሁ "ተገላገሉ" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። እባካችሁ ተዉ። ከምኑ ነው የተገላገሉት? ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው በኋላ ጎሮ የኖሩትን ሦስት ዓመት ከብዙዎቻችን ሙሉ ጤንነት ጋር አልለውጠውም። ለቅሶ ላይ ተበላሽቶ እንዳይነገር ታሪኩን በትክክል ልንገራችሁ።

ስትሮክ እንደመታቸው መገናኛ አካባቢ ወዳለው ቤቴ ወሰድኳቸው። መላው ቤተሰብ ተረባረበ። አጎረስናቸው፣ አለበስናቸው፣ ተሸክመን አስቀመጥናቸው። አራት ወር እንዲህ ከርመው በደህናው እጃቸው እንኳ ማንኪያ መያዝ ተዉ። ከዚያ ማውራትም ቀነሱ። እኔ በሽታው የባሰባቸው መስሎኝ ነበር። አንድ እሁድ "ቤቴ መልሰኝ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ዘመድ ተሰበሰበ። "ሰው ያጣች ይመስል ከሠራተኛ ጋር ብቻዋን?" ተባለ። ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። በመጨረሻ አንድ ወር ፈቀድኩ። አዎ፣ በሰው ቤት ላይ ፈቃጁ እኔ ነበርኩ። ከወደቁ ወደ እኔ ይመለሳሉ፣ የጎሮው ቤት ይከራያል። ተስማሙ።

ዘነበችን ያገኘናት በጎረቤት በኩል ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዓይነ ስውር አዛውንትን አብራቸው እየኖረች ታግዝ ነበር። ሁለት ገጽ መመሪያ በሰዓት ከፋፍዬ ጻፍኩላትና ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። ቆማ አንብባ ስትጨርስ ወደ አክስቴ ዞረች።

"እትዬ፣ ከዚህ ውስጥ የቱን ራስዎ መሥራት ይፈልጋሉ?"

አራት ወር ሙሉ ማናችንም አልጠየቅናቸውም።

ወሩ ሲያልቅ ለቁጥጥር ሄድኩ። ደወሉን ተጫንኩ። ዝም። ደገምኩት። ከውስጥ ምርኩዝ ሲሚንቶውን ሲመታ ይሰማል፤ ኳ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ደግሞ ኳ።

"ዘነበች፣ የት ነሽ?" ብዬ ጮህኩ።

"እዚሁ ነኝ ጋሼ። እየመጡ ነው።"

በሩን የከፈቱት አክስቴ ናቸው። ዘነበች አንድ እርምጃ ከኋላቸው፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች። ያ አቋሟ ደሜን አፈላው። "ቆመሽ ታያለሽ?" አልኳት።

"አንተ ኢንስፔክተር" አሉኝ አክስቴ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው። "ቀስ ብዬ እደርሳለሁ። ምን አቸኮለህ?"

ፍሪጁ ላይ መመሪያዬ ተገልብጧል። በጀርባው በዘነበች እጅ ጽሑፍ ሦስት መስመር ብቻ ሰፍሯል። ፀጉሬን እኔ አበጥራለሁ። በሬን እኔ እከፍታለሁ። ለእንግዳ እኔ እነሳለሁ።

መኪና ውስጥ የረሳሁትን ብርቱካን ይዤ ስመለስ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የነበሩት አክስቴ ሊነሱልኝ ሲታገሉ አየሁ። "አይነሱ፣ በሞቴ" ብዬ ሮጥኩና ክንዳቸውን ያዝኩ። ሚዛናቸውን ሳቱ። ሁለታችንም ሶፋው ላይ ዘፍ አልን፤ ብርቱካኑ በየአቅጣጫው ተንከባለለ።

ዘነበች አልደነገጠችም። "ጋሼ፣ ሲይዟቸው ነው የሚወድቁት" አለች።

አክስቴ ከጣሪያ በላይ ሳቁ። ከታመሙ ጀምሮ ያን ሳቅ አልሰማሁትም ነበር። "ይሄ መውደቅ ከተቆጠረ፣ የጣልከኝ አንተ ነህ" አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው በሩን በአገጫቸው አሳዩኝ።

"ውጣና እንደገና ግባ።"

ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። ወጣሁ። አንኳኩቼ ገባሁና እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ምርኩዛቸውን ተከሉ፣ ቀኝ እግራቸውን አስተካከሉ፣ ተነፈሱ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ኖር" አሉኝ።

"በእግዜር" አልኩ።

የጎሮውን ቤት የማከራየት ነገር ከዚያ ቀን በኋላ አልተነሳም። ዘነበች የሚያቅታቸውን ትሠራላቸዋለች፣ የሚያዘገያቸውን ትጠብቃለች፤ ይህን መለየት ከእኔ ሁለት ገጽ የከበደ ሙያ መሆኑን ዘግይቼ ነው የገባኝ። በዓል ሲሆን እንግዳ በገባ ቁጥር ይነሱና "ይሄው ስፖርቴ" ይሉ ነበር። የሰፈሩ ሰው ለምዶት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል።

ነገ ለቅሶ ለምትመጡ አንድ ማሳሰቢያ። ዘነበችን "ሠራተኛዋ" ብሎ ወደ ወጥ ቤት የሚልክ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል። ከቤተሰቡ ጋር ትቀመጣለች። ስትገባ ተነሱላት፤ እኔ ቀድሜ እነሳለሁ።

እትዬ፣ ኢንስፔክተርዎ ቁጥጥሩን ጨርሷል። ምንም ጉድለት አላገኘም። ቀስ ብለው ይሂዱ፣ ማንም አያጣድፍዎት። እዚያም "አይነሱ" የሚልዎት ካጋጠመዎት፣ አስወጥተው እንደገና ያስገቡት።