ክሽክሽ አባት የላትም

ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ጽሑፌ በማይክሮፎን ይነበባል፤ የማነበውም እኔው ነኝ። ትናንት ጓድ ዳይሬክተሩ ጠርተው ሲነግሩኝ አመሰግናለሁ ማለቱንም ረስቼ እየሮጥኩ ወጣሁ። እስካሁን ደስታው አልለቀቀኝም።

የጻፍኩት ስለ ክሽክሽ ነው፤ የጎመን ቅጠል ላይ ተለጥፋ ጭማቂውን ስለምትመጥጠው ስለዚያች ትንሽ ተባይ።

የእርሻ ክፍለ ጊዜ አለን። መምህራችን ጎሮ ሰፈር በኩል ባለው የትምህርት ቤቱ ማሳ አንድ ቅጠል ገልብጠው፣ «እነዚህ ሁሉ ሴቶች ናቸው። ያለ ወንድ ይወልዳሉ» አሉን።

ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ በአገጯ ወደ እኔ እየጠቆመች፣ «ቲቸር፣ እንደሷ እናት ማለት ነው?» አለች።

በዚያው ሳምንት የወላጆች ስብሰባ ነበር። እናቴ በሙሉ ስሟ ስትጠራ፣ የእሷና የእኔ የአባት ስም አንድ መሆኑን ልጅቷ ሰምታለች። አባቱ የካደው ልጅ በእናቱ አባት ስም ይጠራል። በስም ከሄድን እናቴና እኔ እህትማማቾች ነን።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። መምህሩም ሳቁ። ሲበቃቸው፣ «በይ እንግዲህ፣ ዘመዶችሽን ልቀሚልን» አሉኝ። ለቀምኩ። በአውራ ጣቴ ጨፈለቅኳቸው። አንዷ እየወለደች ነበር፤ እሷንም ከነልጇ።

እናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ወለል ታጥባለች። ከሥራ ስትገባ ሁሉንም ነገርኳትና ትምህርት ቤት አልመለስም አልኳት።

«አባት የለሽም ያለሽ ማነው?» አለችኝ ጫማዋን እያወለቀች። «አለሽ። እዚሁ ቦሌ ከነሚስቱ ይኖራል። አልፈልጋትም ብሎ እንጂ ጠፍቶ አይደለም። ሂጂና ንገሪያቸው።»

ክፍል ውስጥ ቆሜ ለመናገር አልደፈርኩም። ስለዚህ ጻፍኩት። ክሽክሽ አባት የላትም፤ የሚክዳትም የለም። እኔ ግን አለኝ። ክፍላችን ይህን ልዩነት አያውቅም፤ ሰኞ ያውቃል።

ጽሑፉን ለዳይሬክተሩ ስሰጣቸው፣ «እናትሽ አይከፋቸውም? ካልፈቀዱ አይነበብም» ብለውኝ ነበር። ፈራሁ። ቤት ሄጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። ሰምታ ስትጨርስ፣ «የአባትሽ ግቢ በር አረንጓዴ ነው። እሱንም ጻፊ» አለች። ጻፍኩት።

ወላጅም ጎረቤትም መጥቶ መስማት ይችላል ተብሏል፤ እናንተም ኑ። ከፊት ለእናቴ ቦታ ልቀቁላት። አረንጓዴ በር ያለው ሰውዬም መምጣት ይችላል፤ ከኋላ ይቆማል።