ዝቋላ ላይ የነፋሁት ፊሽካ

ይህን ነገር ለማያውቀው ሰው ነግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ሌላውን ኃጢአቴን ሁሉ ከዘረዘርኩ በኋላ እዚህ ላይ ስደርስ “ሌላ የለኝም አባ” ብዬ ተነስቻለሁ። እርስዎ አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም፤ የደፈርኩትም ለዚያ ይመስለኛል። ፊትዎን እያየሁ ቢሆን ኖሮ እዚህም ድረስ አልመጣም ነበር።

ጥፋቴ ሲናገሩት ትንሽ ነው። ፊሽካ ነፋሁ። አልሰረቅሁም፣ ሰው አልመታሁም፤ ነፋሁ ብቻ። አንድ ትንፋሽ የሰውን ቤት እንዲህ ያናጋል ብሎ የሚገምት ማን ነው? እኔ አልገመትኩም። እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል፣ ያስፈራኛልም።

የተማርኩት ካዛንቺስ ነው። ኮሌጃችን ከታች የመኪና መለዋወጫ ሱቆች የነበሩበት ሕንፃ ላይ ነበር፤ ግቢ የለው፣ ሜዳ የለው። የአዲስ አበባ ልጅ ዙሪያውን ተራራ ከቦት ያድጋል፣ ግን ከታክሲ መስኮት አሻግሮ ከማየት በቀር እግሩን አያነሳም። እኛ ጥቂት ተማሪዎች ይሄ ቆጨንና የተራራ ጉዞ ክበብ አቋቋምን። ልምምዳችን የኮሌጁን ደረጃ መውጣትና መውረድ ነበር፤ ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባምቢስ እስከ ኦሎምፒያ በመኪናው መሀል እየተሽሎከለክን በፍጥነት መራመድ። ሰው ሌባ የምናባርር እየመሰለው ዞር ብሎ ያየን ነበር።

ተራራ ላይ ስንወጣ የራሳችን ወግ ነበረን። መሪው ከፊት ይሄዳል፤ “ጅራት” የምንለው ልጅ ደግሞ ከሁሉም ኋላ። ጫማው የተፈታ፣ የደከመው፣ ወደ ጫካው ጎራ ማለት የፈለገ ለጅራቱ ይነግራል፣ ጅራቱም አብሮት ይቆማል። መሪው በየመሀሉ ቆም ብሎ በፊሽካ ይጠይቃል። ጅራቱ ነፍቶ ከመለሰ “ሁሉም አሉ፣ ከኔ ኋላ ማንም የለም” ማለት ነው፤ ሰልፉ ይቀጥላል። ጅራቱ ዝም ካለ ሁሉም ባለበት ይቆማል። ለጅራቱ ሳይነግር የቀረ ሰው ከክበቡ ይሰናበታል። ይህን ሕግ ካወጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። ጅራቱም እኔ ነበርኩ።

ጅራት መሆን ክብር አለው፤ ሁሉም ያምንሃል። ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ነህ። ሌላው አይቶ የጠገበውን ነው የምታየው። ዝቋላ አናት ላይ፣ ተራራው እንደ ገበቴ ጎድጉዶ ሐይቅ ይዟል። ያን ፊሽካ ከነፋሁበት ቀን በፊት በወጣንባቸው ጊዜያት ሁሉ እኔ ጫፍ ስደርስ ደመና ሸፍኖት ነበር። ከፊት የነበሩት በአውቶቡስ ስንመለስ “አምልጦሃል እኮ” እያሉ ያወሩልኛል። እኔም እስቃለሁ። ውስጤ ግን ይቃጠል ነበር።

ሰብለ ሁለተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነበረች። የቄራ ልጅ ናት። አባቷ አቶ ገብሩ እዚያው ሥጋ ቤት አላቸው። ከእኛ ጋር ለመውጣት ስትለምናቸው አሻፈረኝ ስላሉ እኔ ራሴ ሄጄ ላሳምናቸው ተነሳሁ። ረቡዕ ስለነበር ሥጋ ቤቱ ጭር ብሎ፣ እሳቸው በር ላይ ተቀምጠዋል።

“ተራራ ምን ያደርግላችኋል?” አሉኝ። “የቄራ ዳገት አነሳችሁ?”

“አባባ፣ እኔ የመጨረሻው ነኝ። ከኔ ኋላ ሰው አይቀርም” አልኳቸው።

አዩኝና “እንግዲያው አደራ። ተራራውን አላውቀውም፤ የምሰጥህ ላንተ ነው” አሉ። አደራውን ተቀበልኩ። በሁለት እጄ ነው የተቀበልኩት ማለት ይቻላል፤ ጎንበስ ብዬ ነበርና።

እሁድ ጠዋት ወጣን። ከሜዳው ብቻውን የቆመውን ያን ተራራ ከሥሩ ቀና ብለው ሲያዩት፣ ወሬ ሁሉ ይጠፋብዎታል። ወደ ላይ በሄድን ቁጥር ጽዱ ጥቅጥቅ እያለ፣ ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለው ሽበት የመሰለ ክር እየረዘመ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ መጣ። በእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ማን አስተምሮት ነው?

ወደ ጫፉ ስንቃረብ ሰብለ ወደ ኋላ ቀረች። የታናሽ ወንድሟን ሸራ ጫማ ነበር ያደረገችው።

“ጫማው ፈጀኝ፣ በቃ ትንሽ ልቀመጥ” አለችኝ። “ጥለኸኝ እንዳትሄድ፣ እሺ?”

“እሺ፣ የት እሄዳለሁ” አልኳት።

ግንድ ተደግፋ ጫማዋን ስትፈታ እኔ ጥቂት ወደ ላይ ፈቀቅ አልኩ። ከዛፎቹ መሀል ሰማዩ ታየኝ። ጥርት ያለ ነበር፤ ግን ከወደ ምዕራብ ደመናው ተራራውን ተጠግቶ እየወጣ ነው። ወዲያው ከላይ የመሪያችን የዳዊት ፊሽካ ጠየቀ። ዝም ብል ሁሉም ይቆማል። ሰብለ ጫማዋን አስራ እስክትነሳ ደመናው ይደርሳል። ዛሬም ያመልጠኛል።

ነፋሁ።

“ሁሉም አሉ” አልኩ በፊሽካዬ። ከኔ ኋላ ማንም የለም አልኩ። ሰብለ ከኔ ኋላ ተቀምጣ ሳለች። ከዚያ ሮጥኩ። መንገዱ አንድ ነው፣ አይቼ እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ራሴም አመነኝ።

ሐይቁን አየሁት። እየዋሸሁ አይደለም፣ እዚህ ላይ ብዋሽ ይሻለኝ ነበር፤ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ጫካው ዙሪያውን ከቦት ውሃው አይንቀሳቀስም፤ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ውስጡ ወርዷል። ዞር ስል ደግሞ ወደ ደቡብ ምድር ተዘርግታለች፤ ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ የሐይቆቹ ብልጭታ፣ ከብልጭታው ማዶ ሰማያዊ ተራራ በተራራ ላይ። ትንሽነቴ ተሰማኝ፣ ደስም አለኝ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሰውን ጥዬ ሮጬ መጥቼ ቆሜ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ! ያየሁት ውበት ቅዱስ ነበር፤ የቆምኩበት እግሬ ግን የከዳተኛ ነበር። ሁለቱ እንዴት በአንድ ሰው ውስጥ ይቆማሉ?

ደመናው ገባ። ሐይቁ ተሸፈነ። ዳዊት ቆጠረና አንድ ሰው ጎደለ።

“ሰብለስ? ነግራህ ነበር?” አለኝ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። እዚያ ላይ እውነቱን ብናገር ምን እሆን ነበር? ፊሽካውን ይቀበሉኝ ነበር። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። እኔ ግን “አልነገረችኝም፤ ሳላያት ወደ ጫካው ጎራ ብላ ይሆናል” አልኩ። አፌ ከኔ ቀድሞ ነው የተናገረው ብል ደስ ባለኝ፤ አልቀደመኝም። አስቤ ነው ያልኩት።

ተበታትነን በጭጋግ ውስጥ ስንጣራ ያገኘኋት እኔ ነኝ። ፊሽካዬን ስትሰማ “ሁሉም አሉ” ማለቴ ገብቷት፣ ደንግጣ ጫማዋን ሳታስር ልትከተለኝ ሮጣለች። በጭጋጉ የከብት መንገድ ይዛ ተንሸራታ እግሯ ተሰብሯል። እያለቀሰች አገኛታለሁ ብዬ ነበር። ስደርስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ “ዝም በል፣ እያቸው” አለችኝ።

ቀና አልኩ። ጉሬዛዎች ነበሩ፤ ከነልጆቻቸው። ከአናታችን በላይ ከጽድ ወደ ጽድ እየዘለሉ በጭጋጉ ውስጥ ነጩ ጭራቸው ይታያል፣ ይጠፋል። ድምፅ የለም። የእኛ ትንፋሽ ብቻ። እግሯ ተሰብሮ፣ ብቻዋን ተጥላ፣ ያች ልጅ አንጋጣ ትደነቅ ነበር። እኔ የሰረቅሁትን ሐይቅ ሳይ ያን ያህል ንጹሕ ዓይን አልነበረኝም። ከሐይቁም ከጉሬዛዎቹም ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያስደንቀኝ የእሷ ፊት ነው።

በጀርባዬ አዝዬ ይዣት ወረድኩ።

“አየኸው?” አለችኝ መንገድ ላይ።

“አየሁት።”

“ታዲያ ንገረኝ እንዴት እንደሆነ። ህመሙን እንድረሳው።”

ነገርኳት። ስለ ውሃው፣ ስለ ሜዳው፣ ስለ ብልጭታው። እሷ ጆሮዬ ሥር “ውይ” ትላለች። ላይ ሳለሁ ምን ብዬ እንደዋሸሁባት ግን አልነገርኳትም።

ቄራ ስንደርስ አቶ ገብሩ እየሮጡ ወጡ። ዳዊት “ሳትነግረው ቀርታ ነው፤ እሱ ነው ፈልጎ ያገኛት፣ ተሸክሞ ያወረዳት” አላቸው። እኔ ዝም አልኩ። ሰብለ መጀመሪያ ዳዊትን፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

“ነግሬዋለሁ አባዬ። ጠብቀኝ ብዬዋለሁ።”

“ተሸክሞሽ መጥቶ ትወነጅይዋለሽ?” አሉ አቶ ገብሩ። “አታፍሪም?” አንገቴን አቅፈው ግንባሬን ሳሙኝ። ሳሙኝ። እኔ ግንባሬን ሰጠሁ።

በሳምንቱ በክራንች መጥታ በክበቡ ፊት ያንኑ ተናገረች። እኔም ያንኑ ተናገርኩ፤ አልነገረችኝም። የተሸከመን ሰው የሚጠራጠር የለም። በሕጋችን መሠረት ተሰናበተች። ሕጉ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲያ በአባቷ ቤት ቃሏ አልተቆጠረም። ጓደኛዋ ስታገባ ለመሄድ ስትጠይቅ፣ ተመርቃ ሐዋሳ ሥራ ስታገኝ፣ መልሱ አንድ ነበር፤ “አንቺን አምኜ ልኬሽ አይቻለሁ።” ሐዋሳ ቀረ። ሥጋ ቤቱ ውስጥ ሒሳብ ተቀባይ ሆና ተቀመጠች። እኔንማ ልጃቸው አደረጉኝ። በየበዓሉ ሽንጥ ይልኩልኝ ነበር። በላሁት። ሠርጌ ላይ አባቴ ጎን ተቀመጡ። ሰው ፊት “ይሄ ልጅ አደራ የማይበላ ነው” ሲሉ አንገቴን እደፋ ነበር፤ ሰው ትሕትና መሰለው።

ለምን አልተናገርኩም? ዛሬ እናገራለሁ እያልኩ። ደግሞ ጊዜው አለፈ እያልኩ። እሷም ረስታዋለች እያልኩ። በሯ ላይ ሳልፍ በጭንቅላቷ ሰላም ትለኛለች፣ ይኸው ረስታዋለች እላለሁ። ያልረሳሁት እኔ እንኳ ሆኜ እሷ ትረሳለች?

ከዚያ አቶ ገብሩ ታመሙ። ብርቱካን ይዤ እጠይቃቸው ነበር፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ እቀመጥና እጄን ይይዙኛል። አንድ ቀን ሰብለ መድኃኒት ስታቀብላቸው “ይቺ ልጅ ልቧ ጥሩ ነው፤ ያን ጊዜ መዋሸቷ ብቻ ነው የሚቆጨኝ” አሉኝ። እሷ ብርጭቆውን ይዛ ቆማ ነበር። እኔን አላየችኝም። አፌን ከፈትኩ፤ እግዚአብሔር ይማርዎት ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሰሞን ሞቱ። ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳኑ ጋብ ሲል ሰብለ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ።

“ሰብለ፣ የዝቋላውን ነገር... ነግረሽኝ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ” አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየመለሰች አየችኝ። ቁጣ አልነበራትም።

“ለኔ ነው የምትነግረኝ?” አለች። “እኔማ እዚያው ነበርኩ እኮ።”

ተነስታ ለእንግዶች ውሃ ታቀብል ጀመር። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚህች ምድር ላይ እውነቱን መስማት የማያስፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች፤ እኔም መርጬ የነገርኩት ለእሷ ነው። መስማት የነበረባቸው ሰው እጄን ይዘው አልጋ ላይ ተኝተው ነበር።

ስለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ወጣት ነበርኩ አልልም፣ ውበት አሳወረኝ አልልም። ያ ተራራ ምንም አላጠፋም። በዚያን ቀን አብረውኝ ለነበሩት ሁሉ ይህንን ጽሑፍ እልክላቸዋለሁ፤ ሰብለ ነግራኝ ነበር፣ ከክበቡ መባረር የነበረብኝ እኔ ነኝ። እነሱ ያነቡታል፣ ምናልባትም ይሰድቡኛል። አቶ ገብሩ ግን ልጄ ዋሽታኛለች እንዳሉ ሄደዋል፤ ለእሳቸው የምልክበት መንገድ የለኝም።