ቪከሪ ሜዶ የቆረቆርናት ከተማ

እኛ ከተማ የቆረቆርነው አሜሪካ፣ ዳላስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርታማ ግቢ ውስጥ ክለብ ሀውስ በሚሉት የተከራዮች አዳራሽ፣ ውሃ ከሌለው መዋኛ ገንዳ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው። ሌላው ሰው ከተማ ሲቆረቁር ውሃ ያለበት፣ ነፋሻ፣ ጠላት የማይደፍረው ቦታ ይፈልጋል። እኛ የፈለግነው ፓርኪንግ ያለበት ቦታ ነበር። እሱም እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ይሞላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተወለድንባት ወረዳ ለሁለት ተከፈለች። አዲሲቱ ወረዳ አስተዳዳሪ ተሾመላት፣ ማኅተም ተቀረጸላት፣ ከተማ ግን የላትም። የወረዳው ሰዎች ወንዙና ዋናው መንገድ መካከል ያለውን ሜዳ መረጡ፤ ፕላን የሚሠራላቸው ግን አጡ። ዞን ያለው ቢሮ ወረፋው አያልቅም። ይኼኔ ዳላስና አካባቢዋ ያለን የወረዳው ተወላጆች «ምን ሲደረግ! እኛ እያለን?» ብለን ተነሳን። እኛ ማለት የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ ነርስ፣ ኤርፖርት ሻንጣ ጫኝ ነን። አገር ቤት የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ በጓሮ የምንሾልክ ሰዎች፣ ባሕር ከተሻገርን በኋላ የማንገባበት ኮሚቴ የለም።

ዋናው የከተማ ፕላን አውጪ እኔ ሆንኩ። ዲቪ ሳይደርሰኝ በፊት፣ ከትውልድ ቦታዬ ርቆ በሚገኝ ሌላ ዞን፣ ስድስት ዓመት ቀያሽ ነበርኩ። አሁን ጋርላንድ እየኖርኩ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን ዕቃ ማንሻ እነዳለሁ። ሰብሳቢያችን ለጉባኤው ሲያስተዋውቀኝ ግን «ኢንጂነራችን» አለ። አላረምኩትም። ዓመት ሙሉ «ሄይ፣ ያንን ሳጥን አንሳ» ሲባል የከረመ ሰው ኢንጂነር ሲሉት ምን ብሎ ያርማል? ዝም ብዬ ከረባቴን አስተካከልኩ።

ሰብሳቢያችን ካሮልተን የሚኖር ቤት ሻጭ ነው። ቅዳሜ ደንበኛ ሲያጣ እኛን በመኪናው ጭኖ ወደ ሰሜን ይወስደናል፤ አምና ከብት ይግጥበት የነበረ ሜዳ ላይ አዲስ ሰፈር ሲበቅል ሊያሳየን።

«አያችሁ? ቴክሳስ እንዲህ ነው» ይላል። «ባዶ ሜዳ ነበር። ሶ፣ መንገዱን ታሰምራለህ፣ ስም ትሰጠዋለህ፣ ሰዉ በራሱ ጊዜ ይመጣል።»

«ከዚያ በፊትስ ማን ነበረበት?» አለች የኮሚቴያችን ጸሐፊ። እሷ ነርስ ናት፤ ስብሰባ የሚያስረዝም ጥያቄ በመጠየቅ ትታወቃለች።

«ባዶ ነበር አልኩሽ እኮ!»

የቅየሳ መምህራችን ቅኝ ገዢዎች ከተማ እንዴት ይቆረቁሩ እንደነበር ሲነግሩን በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር። መርከብ ላይ ሆነው ካርታ ይዘረጋሉ፤ በማስመሪያ ያሰምራሉ። መጀመሪያ የባንዲራው ቦታ፣ ቀጥሎ ግብር ቤት፣ ቀጥሎ እስር ቤት። ያገሬው ሰው መስመሩ ላይ ከተገኘ ጥፋቱ የራሱ ነው። «እናንተ ግን» ይሉናል እንባቸውን እየጠረጉ፣ «መሬቱን በእግራችሁ ሳትረግጡ አንዲት መስመር እንዳታሰምሩ።» እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ጭቃውን እየረገጥኩ ሠርቻለሁ። ክለብ ሀውሱ ውስጥ ግን ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ዋይፋይ አለ፣ ዶናት አለ። እግር ምን ያደርጋል?

ከሳተላይት የተነሳውን ፎቶ ግድግዳው ላይ ባለው ቲቪ ከፈትነው። በበጋ የተነሳ ስለሆነ ምድሩ ሁሉ ቡናማ ነው።

«ኢምፕቲ ነው እኮ!» አለ ሰብሳቢው በደስታ። «ምንም የለበትም!»

አዝመራው የተነሳበት ማሳ እንደሆነ ማን ያጣዋል? ሁላችንም የገበሬ ልጆች ነን። ግን ሰው ትልቅ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ የገበሬ ልጅነቱ የት እንደሚገባ እንጃ። ሁላችንም «እውነትም ባዶ ነው» አልን።

ከሜዳው መሃል ነጣ ያለ፣ ልሙጥ፣ ክብ ነገር ይታያል። አንዱ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም ይሁን ምን፣ ክብ ነው!» አለ ሰብሳቢው። «እግዜር ራሱ አደባባይ ሠርቶ ጠበቀን!»

ተጨበጨበ። እኔም ማውሱን ይዤ ክቡን መሃሉ ላይ ጠቅ አደረግሁትና ከአራት አቅጣጫ አራት አስፋልት አመጣሁበት። በሰሜን በኩል ባንዲራ የሚሰቀልበት የወረዳ አስተዳደር፣ በምሥራቅ ገቢዎች፣ በደቡብ ፖሊስ ጣቢያ። አሁን ሳስበው መምህሬ ቢያዩት «ጎበዝ፣ ፈተናውን ደፍነኸዋል» ይሉኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የበላነው ዶናት በከንቱ ነው። ሁለት እሁድ ሙሉ ሙዚየሙ ከስታዲየሙ ይቅደም አይቅደም ስንል ተጨቃጨቅን። ሙዚየሙ ውስጥ ምን እንደሚቀመጥ የጠየቀች ነርሷ ብቻ ናት። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴልም አስገባን፤ ሾፌሮቹ አጥብቀው ስለጠየቁ።

«እዚያ ያለው ሰው ተጠይቋል?» አለች ነርሷ።

«ሰርፕራይዝ እናደርጋቸዋለን» አለ ሰብሳቢው።

እዚያ ካለው ሰው አንዷ አክስቴ ናት። እናቴ ሕፃን ሳለሁ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ነች፤ እቴቴ ነው የምላት። ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ መሬቷን በእኩል እያሳረሰች፣ ጤፏን እያነሳች። ሌላ መተዳደሪያ የላትም። ስለዚህ ቤቷን ፎቶው ላይ መፈለጌ አልቀረም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ለትምህርት የወጣሁበት አገር ከላይ ሲያዩት ምኑም አይያዝ። በመጨረሻ መንገድ ዳር የሚያብለጨልጭ አዲስ ቆርቆሮ አገኘሁ። እቴቴ ባለፈው ዓመት ጣሪያዋን ቆርቆሮ አስለውጣ ነበርና «ይኸው!» አልኩ። ማንም ሳያየኝ ዋናውን አስፋልት ጠምዘዝ አድርጌ ቤቷን እንዳይነካ በጎን አሳለፍኩት። በዘመድ ሠራሁ ማለት ነው፤ በሙስናም አልታማም አልልም።

ደውዬ «እቴቴ፣ ቤትሽ ከወንዙ በየት በኩል ነው?» ማለት ምን ነበረበት? አፈርኩ። ያደገበትን ቤት አቅጣጫ የሚጠይቅ ኢንጂነር የት ታይቶ ያውቃል?

ፕላኑን በትልቅ ወረቀት አሳተምን። ክለብ ሀውሱ ውስጥ ሪባን ቆረጥን፤ ከወረቀቱ ፊት ሪባን የሚቆርጥ ሰው ስታዩ አትሳቁ፣ እኛ አልሳቅንም። አገር ቤት ላክነው፤ የወረዳው ምክር ቤት ቶሎ አጸደቀው። ከአሜሪካ የመጣ ነገር ማን ይመረምራል? ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ፎቶው ተላከልን። ከሥሩ የእኔ ስም የለም፤ «በዳያስፖራ ባለሙያዎች የተዘጋጀ» ነው የሚለው። ያኔ ቅር ብሎኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት፣ መጋዘኑ ደጃፍ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሽፍቴን ስጠብቅ እቴቴ በጎረቤቷ ስልክ ደወለች።

«ልጄ፣ ጉድ ሆኛለሁ» አለች።

«ምን ሆንሽ እቴቴ?»

«ሰዎች መጥተው አውድማዬ መሃል ችካል ተከሉበት። በእበት ለቅልቄው ገና ሳይደርቅ ከነጫማቸው ገቡበት! እህል የሚወቃበት ነው፣ በጫማ አይገባም፣ አውልቁ ብላቸው ሳቁብኝ። ‹እማማ፣ እዚህ አደባባይ ነው የሚሠራው› አሉኝ። ማሳውም ይሄዳል፣ ቤቱም ይሄዳል። ምትክ ይሰጥሻል ያሉኝ የቤት መሥሪያ ቦታ ነው። ጤፍ ቤት መሥሪያ ላይ ይዘራል?»

ነጣ ያለ። ልሙጥ። ክብ። መሪውን ይዤ ቀረሁ።

«ፕላኑ ከአሜሪካ ነው የመጣው አሉ» ቀጠለች። «አንተ እዚያው አይደለህ? የሠራውን ሰውዬ ፈልግና ንገርልኝ። የሰው መሬት መሆኑን ባያውቅ ነው። ክፉ ሰውስ አይመስለኝም፤ የማኅበሩን የማዳበሪያ መጋዘን እንዳይነካ ብሎ መንገዱን አዙሮታል አሉ።»

ያ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ የማዳበሪያ መጋዘን ኖሯል! ያሳደገችኝን ሴት አስነቅዬ ማዳበሪያ ያዳንኩ ሰው ነኝ እንግዲህ።

«እፈልገዋለሁ እቴቴ» አልኳት። ወይ አለመሞት! ገብቼ ስምንት ሰዓት ሙሉ ሳጥን ከፍ ዝቅ ሳደርግ ዋልኩ።

እሁድ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ክቡ የአክስቴ አውድማ ነው፣ አደባባዩን ሁለት መቶ ሜትር ወደ ምሥራቅ እንግፋው፣ ማሳዋም ቤቷም ይተርፋል አልኩ። ስክሪኑ ላይ ገፍቼ አሳየኋቸው፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። አንድ ሾፌር ራሱን ይዞ «አውድማ! እንዴት አላወቅነውም?» ሲል ሰማሁት። የእሱም አባት አውድማ አላቸው።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ። «ኦኬ፣ ማለቴ፣ በጣም ያሳዝናል። ግን ፕላኑ አፕሩቭ ተደርጓል። ዛሬ የአንተን አክስት ብለን ከነካነው ነገ ሁሉም አክስቱን ይዞ ይመጣል።» ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። «ቆይ፣ ቆይ! አደባባዩን ለምን በስማቸው አንሰይመውም?»

ተጨበጨበ። በእውነት ተጨበጨበ። እንባ የተናነቃቸውም ነበሩ።

«ሴትዮዋ እኮ ስም አላቸው» አለች ነርሷ። «የተወሰደባቸው መሬት ነው።»

ፕላኑ እንዳለ ሆኖ አደባባዩ በስሟ ይሰየም በሚለው ላይ ድምፅ ተሰጠ። የተቃወምነው ሁለታችን፣ እሷና እኔ። አውድማውን ያወቀው ሾፌር እጁን ግማሽ ድረስ አንስቶ ጭንቅላቱን አከከበት። የተስተካከለውን ፕላን ለብቻዬ ለወረዳው ላክሁት። «ክቡር ኢንጂነር» የሚል መልስ መጣልኝ፤ ፕላኑ ስለጸደቀ የሚለወጥ ነገር የለም፣ ላበረከቱት አስተዋጽኦ ግን የምስጋና ወረቀት ይደርስዎታል ይላል። ደርሶኛል። መሳቢያ ውስጥ አለ።

ጥር ላይ፣ አንድ እሁድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዴ በፊት ደወልኩላት። ጎረቤቷ ስልኩን በቪዲዮ ያዘላት። አውድማዋ ላይ ቆማለች፣ ባዶ እግሯን። ከኋላዋ የተወቃ ጤፍ ተከምሯል። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል መሃል ላይ እንደተተከለ ነው፤ ጥጃዋን አስራበታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

«ሰውየውን አገኘሁት» አልኳት።

«ተመስገን! ምን አለህ?»

«እኔ ነኝ እቴቴ።»

አልገባትም። ደገምኩላት። ሪባኑን፣ ቲቪውን፣ የማዳበሪያ መጋዘኑን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«አንተ?» አለች። «አውድማውን አላወቅከውም?»

«ከላይ ሲታይ ክብ ነገር ብቻ ነው እቴቴ።»

«ታዲያ ማን ከላይ እይ አለህ? በሬ እየነዳህ ራስህ እስኪዞር የተሽከረከርክበት አይደለም እንዴ?»

ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። ብትረግመኝ፣ ስልኩን ብትዘጋብኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት፤ አለቀስኩም፣ ምን እደብቃለሁ። እቴቴ ነጠላዋን አስተካከለችና ወደ ጤፉ ዞር ብላ አየችው።

«ዘንድሮስ ወቅተናል» አለች። «ግሬደሩ ከፋሲካ በኋላ ነው የሚመጣው አሉ።» ከዚያ ድንገት ፊቷ ፈካ አለ። የቀበሌ ሰው ያልመለሰላትን ጥያቄ የሚመልስ ሰው ያገኘች መሰላት። «አንተ ከሠራኸውማ ለእኔም አንድ ቦታ ሳታስቀምጥ አትቀርም። ለከርሞ የት ነው የምወቃው? እስኪ ወረቀቱን አውጣና እየው።»

ፕላኑን ላፕቶፔ ላይ ከፈትኩት። ስታዲየሙ አለ። ሙዚየሙ አለ። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴሉ አለ። በስሟ የተሰየመው አደባባይም አለ፣ በወፍራም ቀለም ተጽፎ። ከወንዙ ጀምሬ እስከ መንገዱ ድረስ ፈለግሁ፤ ከመንገዱ ደግሞ ተመልሼ እስከ ወንዙ።

«አገኘኸው?» አለችኝ።

«እየፈለግሁ ነው እቴቴ» አልኳት።