ሳይባል የተጻፈው

ቃለ ጉባኤ ያዥዋ መዝገቢቱ በዚያ ጠዋት አንድ ቦታ መቀመጥ አቃታት። ቁጭ ትላለች፣ ብድግ ትላለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። የከተማው ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባ ሊጀመር ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ፋይሎቹ ተደርድረዋል፣ የውሃው ብርጭቆ በየቦታው ተቀምጧል፣ ማይክሮፎኑም እንደ ልማዱ ያፏጫል። እሷን ቁጭ ብድግ የሚያሰኛት እጇ ላይ ያለው ወረቀት ነው፤ ያለፈው ወር ቃለ ጉባኤ፣ ገጽ አራት፣ ሰባተኛው አጀንዳ።

«ጉዴ ፈላ» አለች ለራሷ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ «የታችኛው ሰፈር የፍሳሽ ቦይ ክዳንን በተመለከተ፣ ተጨማሪ ጥናት ተደርጎ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብ ተላልፏል።» ሲያዩት ያማረ ነው፤ አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም። ችግሩ ውሸት መሆኑ ነው። ባለፈው ወር የቦዩ ጉዳይ አልተላለፈም፤ ጸድቋል። በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። የተነሱትን እጆች የቆጠረችውም ራሷ ናት፤ ዘጠኝ ድጋፍ፣ ሁለት ተቃውሞ፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ።

ይኼኔ «እንዴት ያለች ሰነፍ ናት» ሳትሉ አልቀራችሁም። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ይህች ሴት ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። አምስት ሰብሳቢ ተቀብላ አራቱን ሸኝታለች። የአዳራሹ ወንበር ስድስት ጊዜ ተቀይሯል፣ እሷ ግን ያው ጥግ ላይ፣ ያችው ጠረጴዛ ጋ ናት። ለዚህም ነው ሰው ሁሉ «እትዬ መዝገብ» የሚላት። ጥፋቷ ሌላ ነው፤ ተሰብሳቢዎቹን ከልክ በላይ ማወቋ ነው።

ሰው በየወሩ ያንኑ ሲናገር ሃያ አራት ዓመት ብትሰሙ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? የትራንስፖርቱ ተወካይ «በቅድሚያ ዕድሉ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ይጀምርና ዕድሉን እስኪነጥቁት ድረስ ይናገራል። የጤና ኮሚቴዋ ሰብሳቢ «ከዚህ በፊት የተናገሩት ወንድሜ ሐሳቤን ወስደውብኛል» ትልና ያንኑ ሐሳብ ደግማ ታመጣዋለች። ሰባተኛው አጀንዳ ደግሞ ይተላለፋል። ሁሌም ይተላለፋል። እናም ከስድስት ዓመት በፊት፣ አንድ እሑድ፣ መዝገቢቱ የማእድ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ደብተሯን ዘርግታ የሐሙሱን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ከወዲሁ ጻፈችው። ለቁጥርና ለሰዓት ብቻ ክፍት ቦታ ተወች። ሐሙስ ዕለት አንድ ቃል እንኳ ማስተካከል አላስፈለጋትም። ከዚያ ወዲህ ከስብሰባ በፊት ባለው እሑድ ሁሉ ሥራዋ ይኼ ሆነ።

አብራት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ታናሽ እህቷ መጀመሪያ ያየቻት ቀን ሳቅ ሊገድላት ነበር።

«ምን አሉ ብለሽ ነው የምትጽፊው? ሰዎቹ እኮ ገና አልተናገሩም!»

«ምን አዲስ ነገር ያመጣሉ ብለሽ ነው?»

«እህትዬ፣ አንድ ቀን አዲስ ነገር ይናገሩና ጉድ ትሆኛለሽ።»

«እነሱ? ተይኝ እባክሽ!»

ምክር ቤቱም የዋዛ አይደለም፤ ለፍጥነቷ የምስጋና ወረቀት ሸለማት። ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ዛሬ ጠዋት ዞራ አይታው አፈረች።

አሁን ደግሞ ስለ ጋሽ ቦይ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሳቸው ነውና። ጋሽ ቦይ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ስማቸውን ያወጡላቸው ተሰብሳቢዎቹ ናቸው፤ ውጭ ሲያገኟቸው ከቦዩ በቀር ሌላ ወሬ ስለሌላቸው። ቤታቸው ደጃፍ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠልቅ ክፍት የፍሳሽ ቦይ አለ። የሚሻገሩት በአንዲት ሳንቃ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ባለቤታቸው ከሳንቃዋ ላይ ተንሸራተው ገቡና ዳሌያቸው ተሰበረ። ተጠገነ፣ ግን ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ሳንቃውን ሲያዩ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። አራት ዓመት ሙሉ ከደጃቸው አልፈው አያውቁም። በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ማዶውን ያያሉ፣ ይኼው ነው። ጋሽ ቦይም በየወሩ ኮታቸውን ለብሰው ይመጡና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጣሉ። ግድግዳው ላይ «ታዳሚ መናገር አይፈቀድለትም» የሚል ተጽፏል፤ አይናገሩም። «ተላልፏል» ሲባል ባርኔጣቸውን አንስተው ይወጣሉ። በሚቀጥለው ወር ያው ወንበር ላይ ናቸው።

ባለፈው ወር ታዲያ መቼም መጥቶ የማያውቀው የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ጥናቱን ይዞ ከተፍ አለ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ሰዓቱም ለምሳ ተቃርቦ ነበርና ማንም የመከራከሪያ አቅም አልነበረውም፤ እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ጋሽ ቦይ ተነሡ፣ ኮሪደር ላይ ወጡ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። መዝገቢቱ በተከፈተው በር አየቻቸው። የሷም ዓይን እንባ አቀረረ፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቤቴ ገብቼ አስተካክለዋለሁ» አለች። ቤቷ ገባች፤ አላስተካከለችም። ታይፕ ስታደርግ እጇ ለዓመታት የለመደውን ጻፈ፣ ዓይኗም የለመደውን አነበበ። ሰብሳቢው ሳያነብ ፈረመ፣ ተባዛ፣ ትናንት ለተሰብሳቢዎቹ ሁሉ ታደለ።

ምን ችግር አለው፣ በሚቀጥለው ወር ይታረማል እንዳትሉ። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በዚህ ሳምንት ነው። የሥራ ክፍሉ ደግሞ በቃለ ጉባኤ ያላየውን ነገር አያውቅም፤ ዛሬ «ተላልፏል» ተብሎ ከጸደቀ ክዳኑ ለከርሞ ነው፣ እሱም እግዜር ካለ። ክረምቱም ደጅ ላይ ነው።

ሰብሳቢው ሲመጣ ኮሪደር ላይ ተከተለችው። ስልክ ላይ ነው።

«ልጄ፣ አንዲት ደቂቃ ብቻ...»

«እትዬ መዝገብ፣ ከስብሰባው በኋላ!» አለ በእጁ እያባበለ።

«ከስብሰባው በኋላማ ምን ዋጋ አለው...» በሩ ተዘጋ።

ጠረጴዛዋ ጋ ተመለሰች፣ እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ይኼን አሳምራ ታውቃለች። ያለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነበው ራሷ ናት፤ እሷ ታነባለች፣ እነሱ ያዛጋሉ፣ ይጸድቃል። ብትናገርስ? ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሳይናገር ስትጽፍ መኖሯ ይወጣል። ጡረታዋ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቀርቶታል። የእህቷ ዓይን ደክሟል፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባላት እሷ ናት። ከዚህ ወንበር ብትባረር ሁለቱ ምን ሊሆኑ ነው?

በሦስት ሰዓት ተኩል ተሰብሳቢዎቹ ገቡ። ጋሽ ቦይም ገቡ፤ ዛሬ ክራባት አስረዋል። ክራባት! የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡና፣ እንደ ታዳጊ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እሷን ይመለከቱ ጀመር። አጀንዳቸው ሲነበብ ሊሰሙ ነው የመጡት።

«ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይነበብ» አለ ሰብሳቢው።

ተነሣች። ማንበብ ጀመረች። አንደኛው አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። የትራንስፖርቱ ተወካይ ስልኩን ይጎረጉራል። አምስተኛው ላይ ቆም ብላ ውሃ ጠጣች። ስድስተኛው። ገጹን ገለጠች። ቀና ስትል ከጋሽ ቦይ ዓይን ጋር ተገጣጠመች።

«ሰባተኛ፣» አለች፣ «የታችኛው ሰፈር የፍሳሽ ቦይ ክዳንን በተመለከተ... በዘጠኝ ድጋፍ፣ በሁለት ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ጸድቋል።»

ይኼው! አለችው። ቶሎ ብላ ወደ ስምንተኛው ልትሻገር ስትል ከመሀል አንድ እጅ ወጣ። የእጁ ባለቤት ቀይ እስክሪብቶ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ የሚነበበውን ሁሉ ከወረቀቱ ጋር እያመሳከሩ ነጠላ ሰረዝ ያርማሉ። ከምክር ቤቱ ሁሉ የሚያነቡት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ያውም ዛሬ!

«እኔ የያዝኩት ወረቀት ተላልፏል ነው የሚለው» አሉ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ወረቀት ተገለጠ፤ ብዙዎቹ ገና ያን ጊዜ ነው ያዩት። አንዱ «እጅ ማውጣቴ ትዝ ይለኛል፣ ለምን እንዳወጣሁ ግን...» አለ። ሌላው «የገበያው አጥር አልነበረም እንዴ?» አለ። መሐንዲሱ እንደሆነ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሯል። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን መታ።

«የተፈረመበት ወረቀት ነው የሚገዛን። ተላልፏል ካለ ተላልፏል። እትዬ መዝገብ የንባብ ስሕተት ነው የሠሩት፣ ይቀጥሉ።»

ሰማችሁ? መውጫ በር ከፍቶ ሰጣት። «አዎ ይቅርታ» ብላ ብትቀጥል አበቃ። ከኋላ ጋሽ ቦይ ተነሥተዋል፤ አፋቸውን ከፍተው ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አዩና መልሰው ዘጉት። ባርኔጣቸውን ፈለጉ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«የንባብ ስሕተት አይደለም» አለች። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ አዳራሽ ከወረቀት ውጭ ተናግራ አታውቅምና ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ስሕተቱ ጽሑፉ ነው። ጸድቋል። ተላልፏል ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እናንተ ሳትናገሩ ነው የጻፍኩት።»

«እንዴት ሳንናገር?»

ደብተሯን አንስታ ሰብሳቢው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ባለፈው ወር ገጽ አናት ላይ፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ፣ የእሑድ ቀን ተጽፏል፤ ስብሰባው ግን ሐሙስ ነበር። የትም ቀን ሳትጽፍ የማታልፍ ሴት ናትና ራሷን በራሷ ያዘች።

ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የትራንስፖርቱ ተወካይ የራሱን ንግግር አነበበ፣ ጆሮው ቀላ። «ይኼን እኮ ዛሬ ልናገረው ነበር» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ተቆጣ። የጤና ኮሚቴዋ ሰብሳቢ ደግሞ ጮኸች፦

«እኔ ባለፈው ወር ታምሜ ቤቴ ተኝቼ ነበር! እዚህ ግን ሐሳብ ሰጥተዋል ይላል!»

«ጥሩ ሐሳብ ነው የሰጡት፣» አሉ ቀይ እስክሪብቶ ወረቀታቸውን እያዩ፣ «ካሁን በፊት ከሰጡትም የተሻለ።»

ሳቁ ሲበርድ ሰብሳቢው ላቡን ጠረገ። ይኼ ወረቀት እንግዲህ ሊታመን አልቻለም። «እንግዲያውስ በሰባተኛው ላይ አሁን፣ እዚሁ፣ እንደገና ድምፅ ይሰጥ» አለ። እጅ ወጣ። መዝገቢቱ አንድ በአንድ ቆጠረች፣ አሥራ አራት። ሰብሳቢው «ጸድቋል፣ ዛሬውኑ ለሥራ ክፍሉ ይድረስ» እስኪል ድረስ እስክሪብቶዋን ወረቀት አላስነካችም። ለዛሬም እሑድ የጻፈችው ሰባት ገጽ ነበራት፤ እሱን አልፋ ባዶው ገጽ ላይ ጻፈች።

«አሁን ደግሞ የቃለ ጉባኤ ያዥዋ ጉዳይ» አለ ሰብሳቢው። ሰብሳቢው ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፣ ሰዓቱን አየ። «ተጨማሪ ጥናት ተደርጎ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቅረብ። እትዬ... ይጻፉት እንግዲህ።»

ጻፈችው። ዓመታት ሙሉ በአንድ ትንፋሽ ስትጽፈው የኖረችው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ዛሬ ግን እያንዳንዷ ቃል ከበደቻት። አንድ ወር ሙሉ ሌሊት እንዴት እንደሚነጋ አሰበች። በየወሩ እንዲህ ተብሎ ወደ ቤት መሄድ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ቀና ብላ ወደ መጨረሻው ረድፍ ማየት አቃታት።

ሰው ሲወጣ ጋሽ ቦይ ኮሪደር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ» አለች። «ስንቱን ወር... ገና ሳይባል ስጽፍብዎት ኖርኩ።»

«አሁን ተጻፈ?»

«ተጻፈ።»

«እንደተባለው?»

«እንደተባለው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደረጃውን ለመውረድ ዞሩና መልሰው ቆሙ።

«ያንቺስ?»

«የኔማ ተላልፏል። ሲተላለፍ አልሰሙም?»

«ሰማሁ እንጂ። በሚቀጥለው ወር መቼ ነው?»

«ያው የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ነው። እርስዎ ግን ከእንግዲህ ምን ያደርግልዎታል? ጉዳይዎ አልቋል እኮ!»

«የኔ አለቀ፣» አሉ ባርኔጣቸውን እየደፉ፣ «ያንቺ ግን አላለቀም። ወንበሬ ላይ እጠብቅሻለሁ። ክዳኑ እስከዚያ ከደረሰ ደግሞ ባለቤቴንም ይዣት እመጣለሁ።»