ከበሮዬና የሀብቴ ቴፕ

ባለፈው ሳምንት የአጥቢያችን መዘምራን መዝሙር ሲያስቀርጹ ከበሮ እንድመታላቸው ለምነውኝ ነቀምቴ ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ገባሁ። ባለስቱዲዮው ወጣት ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፋብኝና፣ «አባባ፣ ይህን ቲክ ቲክ የሚለውን ይከተሉ። ኮምፒውተሩም ራሱ ምቱን የሚቀበለው ከዚህች ሳጥን ነው፤ ሁላችንም እሷን ካልሰማን አንገናኝም» አለኝ። ጥቁሯን ሳጥን አየኋትና የጥንቱ ቅናቴ ተቀሰቀሰ።

በደርግ ጊዜ የከተማችን የኪነት ቡድን ከበሮ መቺ ነበርኩ። ኦርጋንም ጊታርም ስላልነበረን ሁሉም ምቱን የሚይዘው ከእጄ ነበር። ዘፋኛችን ጫልቱ ከመጀመሯ በፊት ዞር ብላ ታየኛለች፤ አገጬን ቀና ሳደርግ ትጀምራለች። ለዚያች አንዲት እይታ ስል ዝናብ እየደበደበኝ ልምምድ እሄድ ነበር። እንደምወዳት ግን አልነገርኳትም። እሷ «ኦቦሌሳ ኮ» ነበር የምትለኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። እኔ ሞኙ ፍቅር ከዚያ ይጀምራል ብዬ አስብ ነበር።

ከዚያ ሀብቴ መጣ። አባቱ ገበያው ዳር ሱቅ የነበራቸው ጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ትልቅ ቴፕና አዲስ አበባ የተቀዳ፣ ዘፋኝ የሌለበት የሙዚቃ ካሴት ይዞ ተቀላቀለን። የቡድኑን መሪ ጓድ ታደሰን ደስታ አሰከራቸው። ከበሮው ካሴቱን ይከተል ተባለ። ሰው ሲከተለኝ የኖርኩት እኔ ተከታይ ሆንኩ። ይህንንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ጫልቱ አሁን የሀብቴን ጣት ማየቷን ነው። ቴፑን ይጫንና ጣቱን ያነሣል፤ እሷም ፈገግ ብላ ትጀምራለች። ለእኔ አገጭ እንዲያ ፈገግ ብላ አታውቅም።

መስከረም ላይ ለአብዮት በዓል ጊምቢ ላኩን። መንገዱ ግራና ቀኙ አደይ አበባ ለብሷል። የጭነት መኪናው ላይ ሆነን አንጮቴ በቅቤና በቆጭቆጫ እየበላን ሄድን። ዲዴሳ ሸለቆ ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ጫልቱ፣ «ሀብቴ፣ ማሎ፣ አንድ ዘፈን ክፈትልን» አለችው። እሷ ማሎ ብላ ለምናው እምቢ የሚል ወንድ አልተፈጠረም። አንድ ተባለ እንጂ ጊምቢ እስክንገባ ቴፑ አልተዘጋም። እኔ በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንቤ የተኛሁ መሰልኩ።

መድረኩ የትምህርት ቤት ሜዳ ነው። መብራት ስላልነበረ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበር። የሰልፍ ዘፈናችን ጥሩ ተጀመረ። መሐል ላይ ግን ድንጋዩ መንገድ ላይ ደክሞ ኖሮ ሙዚቃው እየተጎተተ፣ ድምፁም እየወፈረ ሄደ። ሀብቴን ላብ አጠመቀው። የእኔ ልብ በደስታ ዘለለች። ምቱን ሳልለቅ ከበሮዬን አጠንክሬ መታሁ፤ አገጬንም ቀና አድርጌ ጠበቅኋት። ከሁላችን የተሻለ ጆሮ ያላት እሷ ናት፤ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ታውቃለች።

አልዞረችም። ከቴፑ ጋር ዘገየች። ሙዚቃው ሲወርድ ድምፅዋን አወረደች፣ ሲጎተት አብራ ተጎተተች፣ ዓይኗን ከሀብቴ ላይ ሳትነቅል። የሰልፉ ዘፈን ሙሾ ሆነ። ፊት የተቀመጡት ካድሬዎች ለሰማዕታት የተዘፈነ መስሏቸው ተነሥተው አንገታቸውን ደፉ። የእኔ ከበሮ ብቻውን ወደ ፊት ሲሮጥ ጓድ ታደሰ አፈጠጡብኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

ስንወርድ ተከትያት ሄጄ፣ «ከበሮው ልክ ነበር። ለምን አላየሽኝም?» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ ኦቦሌሳ ኮ» አለች። «ታዲያ እሱ ብቻውን ይፈር?»

በዓመቱ ተጋቡ። ሠርጋቸው ላይ ከበሮ የመታሁት እኔው ነኝ። አሁን ሦስታችንም ሸምግለናል። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ ኖሬአለሁ፤ ጫልቱን ስለወሰደብኝ ሀብቴን ይቅር ካልኩት ቆይቻለሁ። ጊምቢ ላይ አብራው መዘግየቷን ግን ይቅር ማለት አቃተኝ። ቀረጻው ሲያልቅ ባለስቱዲዮው፣ «አባባ፣ አንድም ቦታ አልሳቱም» ብሎ አመሰገነኝ። ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ይህንኑ ሲያደንቅልኝ ኖሯል። ለእኔ ብሎ የሳተልኝ ግን አንድም የለም።